ጅብን ከእሳት ያወጣች አህያ

አንድ ጊዜ፣ ሣሩ ደርቆ ገለባ በሆነበት በጋ፣ አራዊት ሁሉ ተሰብስበው አህያን ጫካውን ከእሳት ጠባቂ አድርገው መረጧት። ሰው መንደር ስላደገች የእሳትን ጠባይ ከማንም በላይ ታውቅ ነበርና ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከሜዳው በኩል ጭስ ተነሣ። ነፋሱ ወደ ጫካው ይገፋው ነበር። አያ አንበሶ እንኳ ጅራቱን ወትፎ፣ «እመት አህያ፣ ምን ይሻለናል?» አለ።

«እሳት የሚበላው ካጣ ይሞታል» አለች አህያ። «ከርከሮዎች፣ ከወንዙ እስከ ገደሉ ድረስ ሣሩን ከነሥሩ ገልብጡት። ዝንጀሮዎች፣ እርጥብ ቅርንጫፍ ይዛችሁ ከኋላቸው ቁሙ፤ ተሻግሮ የሚወድቀውን ፍንጣሪ ደብድቡት። ማንም እንዳይሮጥ!»

ከርከሮዎቹ ምድሩን እንደ በሬ አረሱት። እሳቱ እየተንጣጣ መጣና ባዶው አፈር ጋ ሲደርስ ቆመ። ይሄኔ ከወዲያ ማዶ፣ ከጭሱ መሀል፣ የጅብ ጩኸት ተሰማ።

ቀበሮ ወደ አህያ ጆሮ ጠጋ አለች። «ተይው ይቃጠል! ስንቱን ዘመድሽን የበላ ነው። ቢሞት የገደለው እሳት ነው፤ አንቺን ማን ይጠይቅሻል?»

አህያ ወደ ጭሱ አየች። እናቷን የበላት ጅብ ነበር። እሷ ግን ወደ ቀበሮ ዞራ፣ «ጫካውን ጠብቂ ስትሉኝ፣ ከጅብ በቀር አላላችሁኝም» አለች።

ወንዙ ውስጥ ገብታ ከጆሮ እስከ ጭራዋ ራሰች፤ እሳቱ በሳሳበት በወንዙ ዳር አድርጋም ተሻገረች። ጅብ የሞተ በሬ አጥንት በአፉ ይዞ፣ ዓይኑ እያለቀሰ፣ አንድ ድንጋይ ይዞር ነበር።

«አያ ጅቦ፣ አጥንቱን ጣልና ጅራቴን ያዝ!»

«መቅኔውን ገና አልመጠጥኩትም እኮ!»

«የራስህ መቅኔ ሳይቀልጥ ጣል አልኩህ!»

ጅብ አጥንቱን ጣለ። «ጅራትሽን ልያዘው ነው ወይስ ልብላው?»

«ያዘው ብቻ! አንገትህን ዝቅ አድርግ፤ የሚተነፈስ አየር ያለው ከታች ነው።»

እርምጃዋን ሳታፋጥን፣ ሳትቆምም፣ በመጣችበት መለሰችው። ሲወጡ የጋማዋ ጫፍ ተለብልቦ ነበር። ጅብ መሬት ላይ ተዘርግቶ እያሳለ፣ «እኔ እኮ ጅብ ነኝ። ለምን አወጣሽኝ?» አላት።

«መሆንህን አውቃለሁ። ነገ ብታሳድደኝ ጥርስህን በእርግጫ አወልቀዋለሁ። ዛሬ ግን እሳቱ ገና አልጠፋም፤ ተነሥና ከዝንጀሮዎቹ ጎን ቁም!»

ጅብም ቅርንጫፍ ነክሶ ፍም ሲደበድብ ዋለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ጠፋ። ቀበሮ ግን የት እንደገባች ያየ የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ነፍስ ለማዳን የቆመ ሁሉ ጩኸት ሲሰማ «የት ነው?» ብሎ እንጂ «ማን ነው?» ብሎ እንደማይጠይቅ ነው።