የጃርቷ አደራ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ያላችሁ ጆሯችሁን አውሱኝ።

አንዲት ኩሩ ጃርት እግሯ ተሰብሮ ቤት ዋለች። ጎረቤት «ምን እናምጣልሽ?» ሲላት «ጠግቤያለሁ!» እያለች እሾኋን ታቆማለች፤ ሆዷ ግን ባዶ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ከየቤቱ እፍኝ እፍኝ ገብስ ለቸገረው የሚያሰባስቡት ጉንዳኖች በሯ ላይ ተሰለፉ።

«እኔ ለማኝ አይደለሁም!» ብላ ጮኸች።

«ማን አለሽ እትዬ?» አለች መሪያቸው። «ጎተራችን ሞልቶብን ነው። አደራ አስቀምጪልን፤ እንዳይነቅዝም በየቀኑ እየቀመስሽ እይልን።»

«ሥራ ከሆነማ ግቡ!» አለች ጃርቷ።

እግሯ እንደዳነ፣ ክንፏ የተሰበረ ቆቅ ተርባ «ጠግቤያለሁ» እንደምትል ሰማች። ገብስ ተሸክማ ከነፈች።

«እትዬ ቆቅ፣ ቤት ጠቦኝ ነው፤ አደራ ታስቀምጪልኝ?»

ከኋላዋ የተሰለፉት ጉንዳኖች ሳቃቸውን አፍነው ያዙ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዚያው ገብስ ቆሎ አብሱ።