ሦስት ዓመት የተስማሙት ጆሮዎች

አንድ ጊዜ፣ አውሬውና የቤት እንስሳው በአንድ ሸንጎ በሚተዳደርበት ዱር ውስጥ፣ ፊደል የቆጠረች አንዲት አህያ ነበረች። ዕውቀቷ ብዙ፣ ዓይነ አፋርነቷ ደግሞ ከዕውቀቷ የበዛ ነበር። «እንደምን አደርሽ» ያላት ሁሉ፣ መልሱን የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው።

የሸንጎው ሥርዓት ቀላል ነው። ንጉሡ አንበሳ ጫጫታ ስለማይወድ፣ ድምፅ የሚሰጠው በጆሮ ነበር። ሐሳብ ሲቀርብ የተስማማ ጆሮውን ያነቃንቃል፤ ያልተስማማ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ያልተስማማ ግን ታይቶ አይታወቅም። ሁሉም በጣም ነፃ ነበሩና፣ በነፃነት ይስማሙ ነበር።

አህዪት ለመጀመሪያ ጊዜ ሸንጎ የተቀመጠች ዕለት የቀረበው ሐሳብ፣ «አንበሳ አዛግቶ ሳይጨርስ ማንም ሣር እንዳይግጥ» የሚል ነበር። በልቧ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ሕግ ነው?» አለች። ነገር ግን የበጋው ነፋስ የጆሮዎቿን ቆዳ አድርቆት፣ እንደ ዱቄት እየረገፈ ሰንብቶ ነበርና፣ በዚያው ቅጽበት አሳከካት። ሳታስበው ሁለቱንም ጆሮዎቿን አርገበገበች።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ አንበሳ። «የተማረ ሲደግፍ እንዲህ ከልቡ ነው። በሉ፣ ከፊት አስቀምጧት!»

«የለም ጌታዬ፣ አሳክኮኝ ነው» ማለት ነበረባት። አፈረች። አንድ ቀን ታፍርና በነጋታው ትናገር ይሆናል ብትሉ፣ በነጋታው ደግሞ ሌላ ሐሳብ ቀረበ፤ እንደገና አሳከካት። እንግዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ወፎች በአንበሳ የቀን እንቅልፍ ሰዓት እንዳይዘምሩ ተወሰነ፤ አህዪት አርገበገበች። ዔሊዎች ፈጥነው እንዲራመዱ ተደነገገ፤ አህዪት አርገበገበች። ሌሎቹም የተማረች ናት ብለው የእሷን ጆሮ እያዩ የራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር። ምስጢሯን ለማንም አልተናገረችም። እንዴትስ ትናገር? የአገሩ ሕግ ሁሉ በእሷ ደረቅ ቆዳ ላይ ቆሟል።

ከዕለታት በአንዱ አያ ጅቦ እንባውን እየጠረገ ሸንጎ ፊት ቆመ።

«እናቶች ውሃ ሲወርዱ ልጆቻቸው ብቻቸውን ሲንገላቱ አንጀቴ አልችል አለ» አለ። «ስለዚህ የሕፃናት ማቆያ ልከፍት ነው። ለአህያ ውርንጭላ ቅድሚያ እሰጣለሁ።»

«ምግባቸውስ?» አለች ጥንቸል።

«ስለ ምግብ አታስቢ። ምግቡ እዚያው ይመጣል» አለ ጅቡ ምራቁን እየዋጠ።

አንበሳ አዛጋ። «ከሦስት ቀን በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን» ብሎ ተነሣ።

አህዪት የስድስት ወር ውርንጭላ ነበራት። ጆሮዋ ከተነቃነቀ የሁሉም ጆሮ እንደሚነቃነቅ፣ የሁሉም ከተነቃነቀ ደግሞ ልጇ ማቆያው ውስጥ የመጀመሪያው ገቢ እንደሚሆን ታውቃለች። ተመልሶ መውጣቱን ግን አታውቅም። ያን ቀን በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መድኃኒት ፍለጋ ወጣች።

እመት ቀበሮ ከዋርካው ሥር ቅባት ትሸጥ ነበር።

«እመት ቀበሮ፣ አንዲት... ወዳጅ አለችኝ» አለች አህዪት መሬት መሬት እያየች። «ጆሮዋን ያሳክካታል።»

«ወዳጅሽ ጆሮዋ ረጅም ነው?»

«እ... መካከለኛ ነው።»

«ግራጫ?»

አህዪት ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻለችም፤ ሁሉንም በሹክሹክታ ዘረገፈችው። ቀበሮ እያዘነች ሰማች። እንዳዘነች ከማሰሮዎቿ አንዱን አነሣች። ማሰሮው ላይ የተጻፈው ከላይ እስከ ታች አያልቅም።

«አሥራ ሰባት ነገር ያለበት ነው፤ ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ሽቶ፣ ሚጥሚጣ...»

«ሚጥሚጣ?»

«ደም ያዘዋውራል፣ እቴ።»

«አያቃጥልም?»

«ካቃጠለሽ እየሠራ ነው ማለት ነው።»

አህዪት ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ግማሹ አልገባትም፤ ስለዚህ አመነችው። የመማር ጣጣው አንዳንዴ ይሄ ነው። እሷ ዞር ከማለቷ ቀበሮ ወደ ጅቡ ዋሻ ሮጠች።

ቅባቱ በእርግጥም ሠራ። አህዪት ጆሮዋ በእሳት የተያያዘ መስሏት ሜዳውን አቋርጣ ጋለበችና ጭንቅላቷን ወንዝ ውስጥ ነከረች።

«ልጄ፣ ውሃ የምትጠጪው በጆሮሽ ነው?» አለ ከውሃው ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ። እማማ ጉማሬ ነበሩ።

አህዪት እያፈረች አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እማማ ጉማሬ ጆሮዋን አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ድርቀት እንጂ ሌላ አይደለም። በደረቀ ቆዳ ላይ ሎሚና ሽቶ መቀባት ደግሞ ጠብ መፈለግ ነው።»

«በየቀኑ በውሃ አጥበው ነበር እኮ፣ እማማ!»

«ውሃ ብቻውንማ ሲደርቅ የነበረውንም ወዝ ይዞት ይሄዳል። ይኸው እኔ ውሎዬ ውሃ ውስጥ ነው፤ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ብተኛ ቆዳዬ ይሰነጠቃል። አሁን ስሚኝ። አጃ ዘፍዝፊና በውሃው ቀስ አድርገሽ እጠቢው። ገና እርጥብ ሳለ የእሬት ዝልግልጉን ቀቢ፤ ንጹሑን እንጂ ቢጫውን መራራ አይደለም። እርጥበቱ እንዳያመልጥ ደግሞ በላዩ ከባሮ ወንዝ ማዶ የሚመጣውን፣ ከዛፍ ፍሬ የሚወጣውን የሺያ ቅቤ እንደ ክዳን ድፊበት። ሁሉንም ከውጭ ብቻ! ወደ ውስጥ ምንም እንዳትከቺ፣ በጭራሮም እንዳትጎረጉሪ።»

«ሦስት ነገር ብቻ ነው?» አለች አህዪት ቅር እያላት።

«አሥራ ሰባት ካማረሽ መንገዱን ታውቂዋለሽ» አሉና እማማ ጉማሬ ጠለቁ።

አህዪት ጧትና ማታ እንደተባለችው አደረገች። መጀመሪያ ቃጠሎው በረደ፤ ከዚያ ፍርፋሪው ቆመ። በሦስተኛው ቀን ጆሮዎቿ ከመለስለሳቸው የተነሣ የሌላ ጆሮ የተዋሰች መሰላት።

ሸንጎው ሞላ። ጅቡ ከፊት ተቀምጦ ውርንጭላውን በዓይኑ ይለካል። ቀበሮ ከጎኑ ፈገግ ብላለች።

«ማቆያው ይከፈት የምትሉ!» አለ አንበሳ።

ዓይን ሁሉ ወደ አህዪት ጆሮ ዞረ። ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጥንቸል የራሷን ማነቃነቅ ጀምራ ነበርና መሃል ላይ አቆመችው። ፍየል ምንም እንዳልጀመረች ሆነች።

«እንዴ!» ብሎ ጮኸ ጅቡ። «ቀበሮ፣ ይሄን ቅባት ተቀብታ ጆሮዋ እስኪነቀል ታርገበግባለች አላልሽኝም? የውርንጭላውን ታፋ እኮ ላንቺ ብዬ ነበር!»

«እኔ ይሄን ጅብ አላውቀውም» አለች ቀበሮ ሰማይ ሰማይ እያየች።

«የምን ቅባት ነው?» አለ አንበሳ ወደ አህዪት ዞሮ።

አህዪት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ውርንጭላው ግን ሆዷ ሥር ተሸጉጧል።

«ጌታዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን የነቀነቅኩት ተስማምቼ አልነበረም» አለች። «አሳክኮኝ ነው። አፍሬ ደበቅኩት። ዛሬ አላሳከከኝም። በሕይወቴ የመጀመሪያ ድምፄ ይሄ ነው፤ ልጄን ለጅብ አልሰጥም!»

«እኔ እኮ እሷን አይቼ ነው የነቀነቅኩት» አለች ጥንቸል።

«እኔ ጥንቸልን አይቼ» አለች ፍየል።

«እኔም ፍየልን» አለ ዝንጀሮ።

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ የተስማማው ማን ነበር?» አለ አንበሳ። አንበሳ ሕጉን ሁሉ ያጸደቀለት የቆዳ ድርቀት እንደነበር ሲገባው፣ ለማዛጋት የከፈተውን አፉን ዘጋ።

ማቆያው ሳይከፈት ተዘጋ። ጅቡና ቀበሮ አንዱ ሌላውን እየከሰሰ ከዱሩ ተባረሩ። ሸንጎው ሊበተን ሲል አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንቺ... ካለፉት ሕጎች ውስጥ ያልተስማማሽበት ሌላ አለ?»

አህዪት ከልጇ ጋር ተያየች። ከዚያም ቀና አለች።

«ከመጀመሪያው ልጀምር ጌታዬ፣ ወይስ ከትናንቱ?»

ከዚህ የምንማረው፣ የሚያሳክክ ጆሮ በጥቂት ማለስለሻ ሲድን፣ በኀፍረት የታፈነ «እምቢ» ግን ካልተናገሩት በቀር ቅባት እንደማይገኝለትና ሰሚው ሁሉ «እሺ» ብሎ እንደሚቆጥረው ነው።