ሻምበል ከቱቦው እንዴት እንደወጣ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ጆሮ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ!

እማማ ይርገዱ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው፤ ያላቸው ሻምበል የሚባል ወፍራም ድመት ብቻ ነው። አንድ ምስጢርም ነበራቸው፤ የስኳር በሽታ። «ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል!» እያሉ ተደብቀው መርፌያቸውን ይወጉና፣ መርፌውን በሽንኩርት ልጣጭ ሸፍነው፣ በጥቁር ፌስታል ሁለቴ ቋጥረው ከቆሻሻው ጋር ይጥሉታል። ጎረቤት ሻይ ሲጠራቸው ደግሞ ሻዩ ስኳር የለውም። «ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ ቆንቋና ሰፈር ነው!» እያሉ ያማሉ።

አንድ የክረምት ጠዋት ሻምበል አይጥ ሲያባርር የሰፈሩ ቱቦ ውስጥ ገባ። ወዲያው ቆሻሻ የታጨቀበት አንድ ትልቅ ማዳበሪያ ተንከባሎ መጣና የቱቦውን አፍ ግጥም አድርጎ ዘጋው። እማማ ሲፈልጉት ውለው፣ ከሰዓት በኋላ ጩኸቱን ሰምተው ሲደርሱ ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናብ ከመጣ ቱቦው ይሞላል፤ ሻምበልም አለቀለት።

«ማዳበሪያ፣ ማዳበሪያ፣ እባክህ ተነስ! ሻምበሌ አልወጣ አለኝ፣ ዝናቡ መጣብኝ!»

«ጋሪ ካልጫነኝ አልነሳም» አለ ማዳበሪያው።

እማማ ወደ ጋሪው ሮጡ። ሮጡ ስላችሁ፣ በሰባ ስምንት ዓመት የሚሮጠውን ያህል ነው።

«ጋሪ፣ ጋሪ፣ ማዳበሪያውን ጫን! ማዳበሪያው አልነሳ አለኝ፣ ሻምበሌ አልወጣ አለኝ፣ ዝናቡ መጣብኝ!»

«ወንድይፍራው ካልገፋኝ አልጭንም።»

ወንድይፍራው በየቤቱ እየዞረ ቆሻሻ የሚሰበስብ ሰው ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በፋሻ የታሰረ ጣቱን ይዟል።

«ወንድይፍራው ልጄ፣ ጋሪውን ግፋ! ጋሪው አልጭን አለኝ፣ ማዳበሪያው አልነሳ አለኝ፣ ሻምበሌ አልወጣ አለኝ፣ ዝናቡ መጣብኝ!»

«እማማ፣ መርፌ ወጋኝ እኮ! ማዳበሪያው ከእጄ ያመለጠውም ለዚያ ነው። መርፌው ካልተነሳ ምንም አልነካም። የልጆች አባት ነኝ፤ የማን ደም እንዳለበት በምን አውቃለሁ?»

እማማ ኩምሽሽ አሉ። መርፌው ከጋሪው ጎማ ሥር፣ ከተቀደደ ጥቁር ፌስታል አጠገብ፣ ሽንኩርት ልጣጭ መሃል ወድቋል።

«መርፌ፣ መርፌ፣ ተነስልኝ! ወንድይፍራው አልገፋ አለኝ፣ ጋሪው አልጭን አለኝ፣ ማዳበሪያው አልነሳ አለኝ፣ ሻምበሌ አልወጣ አለኝ፣ ዝናቡ መጣብኝ!»

«ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ቢጫው ሣጥን ካልመጣ ንቅንቅ አልልም» አለ መርፌው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ፣ አላወቁኝም?» አለ።

እማማ እንዳልሰማ ሰው ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ጩኸታቸውን የሰማ ሰፈርተኛ ሁሉ፣ ወንድይፍራውም ጭምር፣ ተከተላቸው። ሣጥኑ ከነርሷ ከሲስተር ፈትለወርቅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«ሲስተር፣ ሣጥኑን ስጪኝ! መርፌው አልነቃነቅ አለኝ፣ ወንድይፍራው አልገፋ አለኝ፣ ጋሪው አልጭን አለኝ፣ ማዳበሪያው አልነሳ አለኝ፣ ሻምበሌ አልወጣ አለኝ፣ ዝናቡ መጣብኝ!»

እውነትም ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል።

«ሣጥን የምሰጠው ቤቱ መርፌ ለሚወጋ ሰው ነው» አለች ሲስተር። «ባለቤቱ ይምጣና ‹የኔ ነው› ይበል፤ ደሙንም ልይ። ወንድይፍራውን ጠዋት አክሜዋለሁ፤ ልቡ ግን አላረፈም።»

እማማ ሰዉን አዩ። የወንድይፍራውን ጣት አዩ። ሻምበልም በዓይናቸው መጣባቸው።

«የኔ ነው!» አሉ። «ስኳር አለብኝ። ወንድይፍራው ልጄ፣ የወጋሁህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ።» አለቀሱም።

ሲስተር ጣታቸውን ጠቅ አድርጋ ደማቸውን መረመረች። «ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ የለበትም» አለች። ወንድይፍራው እፎይ ብሎ ግንባራቸውን ሳማቸው።

ከዚያማ ምን ይጠየቃል! ሲስተር ሣጥኑን ሰጠች፣ ሣጥኑ መርፌውን ዋጠ፣ ወንድይፍራው ወፍራም ጓንት አጥልቆ ጋሪውን ገፋ፣ ጋሪው ማዳበሪያውን ጫነ፣ ማዳበሪያው ከቱቦው ተነሳ፣ ሻምበልም ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ሰዉን ሁሉ እየተቆጣ ወጣ። ዝናቡ ዶፉን የለቀቀው ይሄኔ ነው።

ሁሉም ወንድይፍራው ቤት ተጠለለ። ሚስቱ ሻይ ቀዳች። እማማ ሻምበልን አቅፈው ሻዩን ቀመሱ። ስኳር የለውም።

«ዛሬም?» አሉ።

ወንድይፍራው ሳቀ። «እማማ፣ ስኳር እንዳለብዎት እኮ ሰፈሩ ካወቀ ቆየ። እንዳያፍሩብን ብለን ዝም አልን። ኪኒን የሚውጡ መስሎን እንጂ መርፌማ መች አሰብን!»

እማማ ይርገዱ ብርጭቆውን አዩት። ከዚያ ጭልጥ አደረጉትና፣ «ድገሚልኝ፣ ልጄ» አሉ።

ወሬዬ እዚህ ቆመች፤ ጆሮ የተዋሳችሁ መልሱ።