የካርቶኑ ፒያኖ

ወገኖቼ፣ አንድ የሙዚቃ መምህር ነበሩ። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ አሰላ። ጋሼ መርዕድ እንላቸዋለን። ጊታርና ፒያኖ ያስተምሩን ነበር።

ያስተምሩን ነበር ስላችሁ ግን ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጊታሩ ሁለት ነው። ፒያኖው አንድ ነው፤ እሱም አዳራሽ ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ንብረት ክፍሉ “ተማሪ ይሰብረዋል” ብሎ ዘግቶበታል። ፒያኖ አለን፤ ግን አንነካውም። ምን ትስቃላችሁ? ለእንግዳ ካልሆነ ከቡፌ የማይወጣ ሰሃን እናንተ ቤት የለም?

ታዲያ ጋሼ መርዕድ ምን አደረጉ? ከየሱቁ የብስኩት ካርቶን ለመኑ። ካርቶኑን ቆራርጠው ነጩንና ጥቁሩን የፒያኖ ቁልፍ በማርከር ሣሉበት፤ ለፒያኖ ተማሪዎች አደሉ። ተማሪው ካርቶኑን ዴስኩ ላይ ዘርግቶ በጣቱ ይጫናል። ካርቶን ደግሞ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ጣቱ ሲጫን አፉ ይዘምራል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያለ።

እኛ ጊታር የደረሰን ከኋላ ነን። ተራ በተራ እንይዛለን፤ ጣታችን ሲስት ጊታሩ ያሳጣናል፤ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ጋሼ መርዕድ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ሆነው “አንተ! ጣትህን ጠበቅ!” ይላሉ። እንደገና እንሞክራለን፣ እንደገና ይሳቅብናል።

ያ ክፍል ዛሬም ይናፍቀኛል። የአሰላ ብርድ፣ የጠመኔው ብናኝ፣ ከሰዓት በኋላ በመስኮት የምትገባው ፀሐይ፣ የዚያ ሁሉ ልጅ ዝማሬ። አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሼ ብሰማው እያልኩ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

ከፒያኖ ተማሪዎቹ አንደኛዋ ጸዳለ ነበረች። ድምፅ ብትሉ! ካርቶኗ ላይ ጎንበስ ብላ ስትዘምር ሌላው የራሱን ትቶ ያዳምጣታል። ጣቶቿ ሲሮጡማ ማየት ነው። ጋሼ መርዕድ “በወላጆች ቀን ፒያኖውን የምትጫወቺው አንቺ ነሽ” አሏት። እናቷ እትዬ አስካለ ገበያ ላይ ድንች ይሸጡ ነበር። በዚያ ሰሞን ድንች የገዛ ሁሉ ወሬውን ጨምሮ ይዞ ነው የሚሄደው። “ልጄ ፒያኖ ልትጫወት ነው፤ መጥታችሁ ስሙልኝ!”

በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዳራሹ ተከፈተልን። ጨርቁ ተነሣ። ሁላችንም ዙሪያውን ቆምን። ጸዳለ ተቀመጠች። አፏን ከፈተች፤ ጣቷን ጫነች።

ወገኖቼ፣ ምን ተሰማ መሰላችሁ? አፏ አንድ ዜማ ይላል፤ ፒያኖው ሌላ ይላል። አፏ ሚ ሲል ጣቷ ፋ ላይ ነው። ለካ ጣቷ ዓመቱን ሙሉ ሲስት ኖሯል! ማን ሰምቶት? እኛ ስንሰማ የነበረው አፏን ነው። እሷም ራሷ የምትሰማው አፏን ነው። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ እንዳትሏት። ልጅቷ ማንንም አላታለለችም፤ አታውቅም ነበር።

ክፍሉ ሳቀ። ጸዳለ ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ሸፍና ሮጠች። ጋሼ መርዕድ በሩ ላይ ደረሱባት።

“ጋሼ ይተዉኝ፤ ሌላ ሰው ያስገቡ። እማዬ አገሩን ጠርታለች፤ በምን ዓይኔ አያታለሁ?”

“ማንንም አላስገባም። ነይ ተመለሺ።”

“ሳቁብኝ እኮ!”

“ይሳቁ። ጊታር የያዙት ላይ ዓመቱን ሙሉ ስትስቁ አልነበር? ስህተታቸው ስለሚሰማኝ አረምኳቸው፤ አሁን ደህና ይጫወታሉ። ያንቺ ገና ዛሬ ተሰማኝ። ልጄ፣ ያልሰማሁትን በምን ላርመው?”

ጸዳለ አለቀሰች። እሳቸውም እስክትጨርስ ጠበቁ።

“በይ ግቢ። አፍሽን ዝጊና በአንድ እጅ ጀምሪ።”

ገባች። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ አፏን ገጥማ ተቀመጠች። መጀመሪያ ላይ መስማቱ ያሳዝን ነበር። ጋሼ መርዕድ “ድገሚው” ይላሉ፤ ትደግመዋለች።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ካርቶን ላይ ሁለት እጇን ታስሮጥ የነበረችው ልጅ፣ በአንድ እጅ፣ ቀስ ብላ፣ አጭር ዜማ ተጫወተች። አንድ ቦታ ላይ ሳተች። ቆመች። ወደ ኋላ ተመልሳ አስተካከለችውና ቀጠለች። እትዬ አስካለ ከፊት ወንበር ተነሥተው እልል አሉ። እኔ ጊታሬን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ እንባዬ መጣ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ወደ እኔም ጭምር። እዚህ ስንሰበሰብ አፋችን እንዴት ያምራል! “ይቅር ብያለሁ” እንላለን፤ ያ ሰው በመንገድ ሲመጣ ግን አስፋልቱን እንሻገራለን። “ሁላችን የእግዚአብሔር ልጆች ነን” እንላለን፤ የቤት ሠራተኛችን ታማ ስትተኛ ግን እንቆጣታለን። እውነት አይደለም?

አሜን አላችሁ? አሜኑን ተዉት፤ እሱ ጎበዝ ነው። እኔ የጠየቅኋችሁ ስለ እጃችሁ ነው።

እናንተ አባቶች፣ በዚህ ሳምንት ሚስታችሁ “አንተ ስትገባ ልጆቹ ይበተናሉ” ብላ ስትነግራችሁ ተቆጥታችሁ ወጥታችኋል? ከአዳራሹ ሮጣችሁ ወጣችሁ ማለት ነው። እባካችሁ ተመለሱ። ስህተቱ መሰማቱ ውርደት አይደለም፤ እግዚአብሔር ሊያስተምራችሁ አጠገባችሁ ተቀምጧል። ሁሉን በአንድ ቀን አስተካክሉ አላልኩም። በአንድ እጅ ጀምሩ።

መዘምራን ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዛሬ የመዝጊያ መዝሙር የለንም። ዝም ብለን ወደየቤታችን እንሂድ። ደጃችሁ ስትደርሱ እጃችሁ በሩን እንዴት እንደሚያንኳኳ ስሙት። ውስጥ ያሉት ሁልጊዜም ይሰሙታል።