አያ ጅቦ የገለበጠው ገጽ

አንድ ጊዜ፣ የዱር አራዊት ሁሉ ስልክ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መዞር በጀመሩበት ዘመን፣ አያ ጅቦ ሉካንዳ ነበረው። ስጋው እውነትም ጥሩ ነው። ድረ ገጽም አለው፤ ያውም ግድግዳ በሚያህል ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚያስጎመጅ። ከላይ የራሱ ፎቶ፣ ከሥር የአባቱ ፎቶ፣ ከዚያ የዘር ሐረጉ፣ ከዚያ ደግሞ አርባ ዓይነት የስጋ ብልት። ጠዋት ጠዋት እሱን እያየ ምራቁን ይውጣል።

ገበያው ግን ወደ ማዶ ሄደ። ማዶ ቀበሮ በቅርቡ የከፈታት ጠባብ ሉካንዳ አለች። ከሲታ ስጋ፣ ረጅም ሰልፍ! ጅቦ በሩ ላይ ተቀምጦ የተሰለፈውን ጭራ ሲቆጥር ይውላል። አንድ ጭራ በተጨመረ ቁጥር ሆዱ ውስጥ አንድ ፍም ይጨመራል።

አንድ ቀን ዝንጀሮ ከሰልፉ ሲመለስ አስቆመው።

«አንተ! የኔ ስጋ ምን ሆኖ ነው እዚያ የምትንጋጋው?»

«ስጋህማ ምን ይወጣለታል አያ ጅቦ! ገጽህ ነው እንጂ። በስልክ ስከፍተው ጽሑፉ የቁንጫ ዓይን ያክላል። በጣቴ ስለጥጠው ጢምህ ብቻ ይመጣል። ወደ ጎን ስገፋው አባትህ ይመጣሉ። ስጋው ጋ ሳልደርስ ጠገብኩ። የቀበሮ ግን ከስልኬ ልክ ተሰፍቷል።»

ጅቦ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀበሮ እሱ ጋ የሌለ ነገር አለው።

እየሮጠ ወደ እመት አህያ ሄደ። የአገሩን ድረ ገጽ ሁሉ የምታበጅ እሷ ነች። ሲያያት ምራቁን ዋጥ አደረገ፤ እሷም ወንበሯን ወደ በሩ ጠጋ አደረገች።

«ቀላል ነው» አለችው። «ገጽዎን ከጀርባ ስከፍተው የኮምፒውተሩንና የስልኩን ለየብቻ ማስተካከል ይቻላል። በስልኩ በኩል የአባትዎን ፎቶና የዘር ሐረጉን እደብቃለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳሉ ይቆያሉ። ስጋውን ከላይ ወደ ታች እደረድራለሁ። እስከ ምሳ ያልቃል።»

«አባቴን ልትደብቂ? ቀበሮስ አባቱን ደብቋል?»

«የእሱ አባት መጀመሪያም አልነበሩበትም።»

«በቃ፣ እኔ የቀበሮን ነው የምፈልገው! ስልክ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጪው። ስሙን አጥፊና የኔን ጻፊ።»

«እሺ፣ ግን አንድ መቀየር ያለበት ነገር አለ፤ እታች...»

«ሌላ አንዲት ነጥብ ብትነኪ ምሳዬ አንቺ ነሽ!»

አህያ ጆሮዋን ጣል አድርጋ እንደታዘዘችው ገለበጠች።

በዚያው ሳምንት አያ አንበሳ ልጁን ሊድር ተነሣ። የዚያን ሠርግ ስጋ ያቀረበ ከዚያ በኋላ ደንበኛ አይቸግረውም። ጅቦ ሦስት ሰንጋ ጥሎ፣ ቢላውን ስሎ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ጠበቀ። ስልኩ ትንፍሽ አላለም። በሠርጉ ቀን ቀበሮ ጋሪ ሙሉ ስጋ እየገፋ ወደ አንበሳ ደጅ ሲያልፍ አየ። ቅናቱ ዓይኑን ጋረደው። ተከትሎት በረረ።

«ጌታዬ! ይሄ ከሲታ ስጋ ከኔ በልጦ ነው?»

አንበሳ ገረመው። «ያዘዝኩት አንተን አይደል እንዴ? የአንተን ስጋ ስለማውቅ ሌላ አላማረኝም። ገጽህን በስልኬ ከፈትኩ፤ ዘንድሮ ደግሞ አምሮበታል። ደወልኩ፤ ‹አቤት ጌታዬ፣ እናመጣለን› አልከኝ።»

«ኧረ እኔ ስልክ አላነሣሁም!»

«ዋሾ ልታደርገኝ ነው?» አንበሳ ስልኩን ከፈተና ከጅቦ ስም ሥር ያለውን መደወያ ተጫነ።

ቀበሮ አንገት ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

ቀበሮ መሬት መሬት እያየ «እኔ ምን ላድርግ አያ ጅቦ?» አለ። «ገጹን ስትወስድ ቁጥሬንም አብረህ ወሰድክ። ሲደወልልኝ አነሣለሁ።»

አንበሳ ወደ ዳሱ ዞሮ አየ። እንግዳው ሞልቷል፤ ሙሽራው ደርሷል። «በሉ ጋሪውን አስገቡ» አለ።

ከዚህ የምንማረው ቅናት ያሳወረው የጎረቤቱን ሲገለብጥ፣ በገዛ ስሙ የመጣለትን ሲሳይ ለጎረቤቱ አሳልፎ እንደሚሰጥ ነው።