አምባዛውና በመንጠቆ ላይ ያለው ትል

ተረቴ ከውኃ ዳር ተነሣች፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ።

ክረምቱ አልፎ ዘመነ ጽጌ በገባ ጊዜ፣ የአንድ ኩሬ ውኃ ረፋዱን ይሞቅ፣ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ ይቀዘቅዝ ነበር። በዚያ ኩሬ በጢሙና በዕውቀቱ የሚኮራ አምባዛ ከታናሽ እኅቱ ጋር ይኖር ነበር። አንድ ቀን ረኃብና ብርድ ቢጠናባቸው ወደ ሞቃቱ ዳር ወጡ፤ በዚያም አንድ ትል በውኃው ውስጥ ተንጠልጥሎ አገኙ።

ትሉም፣ «አባቴ፣ ስለ ፈጣሪ ብለው ይመለሱ! በሆዴ ውስጥ መንጠቆ አለ» ሲል ጮኸ።

እኅቲቱ ደንግጣ፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ቢሆንስ?» አለች።

አምባዛው ግን ሳቀ። «አንቺ ሞኝ! ‹ብሉኝ› የሚል ትል የት ታውቂያለሽ? ሞት የቀረበው ሁሉ ሰባኪ ነው። ይህን ቃሌን ያዢ፣ ከረኃብ ያድንሻል» አላትና ትሉን ጎረሰ።

ወዲያው የመንጠቆው ክር ተወጠረ፤ አምባዛውም በዳሩ ሣር ላይ ተጣለ። ነፋሱ ዞሮ ውኃውን አደፍርሶት ነበርና፣ እኅቱ ወንድሟ በምን እንደ ሄደ አላየችም። በዳሩ የተቀመጠው ዓሣ አጥማጅም መንጠቆውን ከአምባዛው ጉንጭ ነቅሎ፣ የተረፈውን ግማሽ ትል ከነመንጠቆው እንደ ገና ወደ ኩሬው ወረወረ።

«እመቤቴ፣ ይመለሱ!» የሚል የትሉ ጩኸት ከውኃው ውስጥ ለአምባዛው ተሰማው። እርሱም «ስሚው!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ከውኃ የወጣ ዓሣ ድምፅ የለውም።

ከታች የእኅቱ ሳቅ መጣ። «ጋሼ ነግሮኛል፤ ሞት የቀረበው ሁሉ ሰባኪ ነው» አለች።

ተረቴም ወደ ውኃዋ ተመለሰች፤ ሰሚውን በጤና ያቆየው።