የመካኒኩ ጆሮ

አንድ መካኒክ ነበረ። የሞተርን ሕመም በጆሮው የሚያውቅ ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ጥቂት አዳምጦ «ሦስተኛው ባልቦላ ነው» ይላል። ሲፈታም ያው ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሰው ሥራ ፍለጋ በየመጠለያው ባደረባቸው ወራት ቅማል ወርሶት ነበር። ቅማሉ ጠፋ፤ ያስተላለፈበት ባርቶኔላ የሚባል ተህዋስ ግን ደሙ ውስጥ ቀረ። ከዓመት በኋላ ትኩሳት እየተመላለሰ አከሳው፤ ትንፋሽ አጠረው። ሚስቱ ደግፋ ሆስፒታል አደረሰችው።

የተቀበለው ሐኪም ጠንቃቃ ሰው ነበረ። ተህዋሱ የልቡን ባልቦላ፣ ደም የሚያሳልፈውን መዝጊያ፣ መብላት እንደጀመረ ሲያይ ተቀምጦ መዘነ። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው እንክብል ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ብቻውን ግን ልብ ውስጥ የመሸገውን እንዳያጠፋ ያሰጋል። ጀንታማይሲን የሚባለው መርፌ ሲታከልበት ተስፋው ይበልጣል፤ መርፌው ግን ኩላሊትንም ጆሮንም ሊጎዳ ይችላል። በመርፌው ፈንታ ሪፋምፒሲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ እሱ ደግሞ ጉበት ያስቸግራል፣ ለዚህ በሽታ የተሞከረውም በጥቂት ሰው ነው። ሐኪሙ መርፌውን መረጠ። በምርጫው አልተሳሳተም።

የተሳሳተው፣ ሕመምተኛው «ዶክተር፣ መርፌው ጉዳት አለው?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። የሰውየውን ሙያ ያውቃል። እውነቱን ብነግረው እምቢ ብሎ ይሞትብኛል ብሎ ፈራ።

«ያድንዎታል፤ እርስዎ ብቻ ይበርቱ» አለው።

በአምስተኛው ቀን የመካኒኩ ጆሮ ጭው ይል ጀመር። ትኩሳቱ ሊለቀኝ ነው ብሎ ዝም አለ። በየጠዋቱ ደሙ ይመረመራል፤ ኩላሊቱ ደህና ነው። ሐኪሙ ስለ ጆሮው ሊጠይቀው ይቃጣውና፣ ጥያቄው የደበቀውን እንዳያወጣበት ይተወዋል። በአሥራ አራተኛው ቀን መርፌው አለቀ። ትኩሳቱ ለቀቀው። ሚስቱ በስሙ ብትጠራው ግን አልዞረም።

ሐኪሙ የደበቀውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠው። ሰውየው አነበበ። ድምፁን መመጠን ስላቃተው ክፍሉን በሚሞላ ጩኸት ተናገረ።

«መርፌውን እሺ እል ነበር እኮ! ልጆች አሉኝ፤ ለምን እሞታለሁ? ግን ጆሮዬ ጭው ሲልብኝ ያኔውኑ እነግርዎት ነበር። ይቀይሩልኝ ነበር?»

«እቀይር ነበር» ብሎ ጻፈ ሐኪሙ።

ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ዛሬ ሞተር ያዳምጥበት በነበረው ጋራዥ ውስጥ ጎማ ይፈታል።

አንቺም ልጄ፣ ጀማሪዋ ሐኪም፣ «ሕመምተኛዬ እንዳትፈራ የመርፌውን ጉዳት ባልነግራትስ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሕመምተኛ በገዛ አካሉ በር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ ነው። ደሙን እኛ እንመረምራለን፤ የጆሮውን ጭው ማለት የሚሰማው ግን እሱ ብቻ ነው። ሌባ ሊመጣ እንደሚችል ያልነገሩት ዘበኛ፣ ሌባው ሲገባ እያየ እንግዳ መስሎት ያሳልፈዋል። ተነሺ፤ ሴትዮዋ መርፌውን ሳትወጋ ሂጂና ንገሪያት።